የመሳቢያው እጀታዎች

«ቤታችን ሌባ ገብቷል» አለች ሠዓሊዋ። የመሳቢያዋ ሁለት እጀታዎች ተነቅለው ቀዳዳቸው አፍጥጦ ነበር። ባሏ ካቻቪቴውን ከጀርባው ሸጎጠ፤ ሰውዬው መደበቅ እንኳ አያውቅበትም።

ዞር ስትል ተጣጣፊ የሥዕል ማቆሚያዋን አየችው። ከፊት እግሮቹ ላይ ትንንሾቹ ዳዶዎች ወልቀው፣ በቦታቸው የመሳቢያው ድቡልቡል እጀታዎች ገብተዋል። ጣቶቿ ዳዶ ማጥበቅ ካቃታቸው ወዲህ «ሥዕል ሰለቸኝ» ብላ ለሰው ሁሉ ስታወራ፣ እሱ አንድም ቀን አልተከራከራትም ነበር።

አንዱን ጨብጣ አዞረችው። ጠበቀ፤ ጣቷንም አላመማትም። ፊቷን እንዳያይ ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን አጠበቀች።

«እሺ አንተ ጉደኛ፣ መሳቢያውን አሁን በምን ልከፍተው ነው?»

«ከቀለሞችሽ ሌላ ምን አለበት?» አለ ካቻቪቴውን ኪሱ እየከተተ። «እነሱ እንደሆኑ ከእንግዲህ ውጭ ነው የሚውሉት።»