ነጭ መስመር ያለው ጎማ

ባልየው ከሞተሩ ወድቆ የሰበረውን እጁን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ከሚስቱ ጋር ጎማ መሸጫ ገብቶ ለዚያችው አሮጌ ሞተር ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው ጎማ መረጠ። «የጥንቱ እንዲህ ነበር፤ ያምርባታል» አለ። ሚስቱ ደሟ ፈላ። ጎማውን ነጥቃ በጥፍሯ ብትጫነው እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው።

«ስትንሸራተት መስመሩ ይይዝሃል? ሰውዬ፣ ልታሳብደኝ ነው?»

ጎማ ሻጩ ሳቁን ዋጠ። ባልየው «በቃ፣ ሞተሯን ሽጣት ልትለኝ ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጎማዎች እየተነጫነጨች በጥፍሯ ፈተነች፤ ለስለስ ያለ፣ ጥርሱ ጠለቅ ያለ ስታገኝ ጎትታ አወረደችው።

«ይሄ ሁለት ሰው ይችላል?»

«ይችላል፣ እትዬ። ሁለተኛው ማነው?»

«እኔ ነኛ!» ብላ ጮኸችበት። «ከእንግዲህ ቤት ቁጭ ብዬ ‹ወደቀ› የሚል ስልክ አልጠብቅም!»