ከነቁመቴ

በዚያ ዘመን ክለቦች በእረፍት ወራት የሚገዙት ተጫዋቹን ሳይሆን ችሎታውን ነበር፤ ከአንዱ አውጥተው ለሌላው ይሰጡታል። ሙኒራ የምትባል የድሬዳዋ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከእህቷ ከፈቲያ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጣ ሳለ፣ አጠገባቸው ያሉ ደጋፊዎች ክርክር ያዙ።

«ለቡድናችን የጎደለው አቀባይ ነው» አለ ሽብሩ የተባለ ጎልማሳ ሾፌር። «የሙኒራን የማቀበል ችሎታ ለዚያች ለቡድናችን ረጅም ልጅ ብንሰጣት ዋንጫው የኛ ነው።»

«እውነት ነው፤ አጭር ሰው ላይ ባከነ» አለ ጓደኛው።

ፈቲያ ሻይ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ከሁለት ዓመት በፊት ኳስ የመወርወር ችሎታዋን ሸጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጇ ያለመችውን ስቶ ያልፋል። ሻዩ ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ሳተች። ሙኒራ ብርጭቆውን አንስታ ሻዩ የሚፈስበት ቦታ ያዘችላት።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እህቴ ስትሸጥ ያጨበጨባችሁት እናንተ ናችሁ» አለች። «እኔን ከፈለጋችሁ ከነቁመቴ ውሰዱኝ።»

ሽብሩ የፈሰሰውን ሻይ ሊጠርግ ተነሳ።

በማግስቱ ችሎታዋን ሊገዛ ለመጣው የእነሽብሩ ክለብ ተወካይም ይህንኑ ነግራ ውሉን ሳትፈርም መለሰችለት። ከዚያ ፈቲያን ይዛ ሜዳ ወረደች። ፈቲያ እስኪመሽ ወረወረች፤ አንድም አልገባላትም። ሙኒራ ኳሱን እየለቀመች መልሳ አቀበለቻት።