የልጁ ደረት

እናቱ የሞተችበትን የልጅ ልጇን አያትየዋ በስጋት ነው ያሳደገችው። ገና ትንሽ ሮጥ ሲል ደረቱ ሲር ሲር ይላል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ግን፣ "እማማ፣ ሰውነት እንዳስለመዱት ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ ያሩጡት" አላት።

ነፍሷ እየራደች አስሮጠችው። ጋቢ ይዛ ከኋላው ኩስ ኩስ ትላለች።

"ቀስ በል! በላብህ ብርድ ይመታሃል!"

"እማዬ፣ የምታለከልኪው እኮ አንቺ ነሽ!" ይላል እየሳቀ።

ዳገቱን መጀመሪያ እያረፈ፣ ኋላ ግን በአንድ ትንፋሽ ይወጣው ጀመር። ያ ሲርሲርታ ጠፋ፤ ትከሻው ሞላ፣ ባቱ ጠነከረ። እሷም ዓይን እንዳይበላው ብላ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ታለብሰዋለች።

ለብሔራዊ ውትድርና ምልመላ የሰፈሩ ጎረምሶች ቀበሌው ግቢ ተሰለፉ። መልማዩ ወታደር የጎረቤቷን ከሲታ ልጅ ገና ሲያየው፣ "አንተ ወደ እናትህ ሂድ" አለው። አያትየዋ ወታደሩ እግር ላይ ወደቀች።

"የኔም በሽተኛ ነው ጌታዬ! ደረቱን ያመዋል!"

ወታደሩ የልጁን ሸሚዝ አስወለቀና ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል።

"አሳዳጊህ ይባረክ!" አለና ወደ ምልምሎቹ መኪና ገፋ አደረገው።