እንቅልፍ የማያባርር ቡና

«ይኼ ነው?» አለች ፀዳል፣ ጥቁሩን ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ።

«እሱ ነው» አለች የውብዳር።

ፀዳል ጣሳውን አገላብጣ አየችው። የቡና ፍሬ ተስሎበታል፤ ከሥሩ የተጻፈው ፈረንሳይኛ ስለሆነ ማንበብ አትችልም። ባሏ ሽመክት ከሞተ ሃምሳ ቀን አልፎታል። ከናዝሬት በባቡር የመጣችው የቀሩትን ልብሶቹንና ወረቀቶቹን ልትወስድ ነበር፤ ግን ከሁሉ በፊት የመጨረሻ ምሳውን የበላበትን ቤት አሳዩኝ አለች። እንደ እሱ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ጓደኛው ታምሩ ጅቡቲ ዳር ባልባላ ሰፈር ድረስ ይዟት መጣና «የሽመክት ባለቤት ናት» ብሎ አስተዋውቋት፣ ከከባድ መኪናው ጥላ ሥር ሊጠብቃት ወጣ።

የውብዳር ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አያቷ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ጅቡቲ ገብተው በዚያው ቀርተዋል፤ እሷም እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ለሾፌሮች ምግብ ስትሠራ አርጅታለች። ይህቺ ሴት አንድ ቀን እንደምትመጣ ታውቅ ነበር። የምትላትንም አሰናድታ ነበር።

«ምን በላ?» አለች ፀዳል።

«የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ። ግማሹን ተወው። ወደቡ ላይ ተራ ስጠብቅ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም አለኝ። ‹እትዬ፣ ዓይኔ እየተከደነብኝ ነው፣ ቡና አለ?› አለኝ።»

«አላፈሉለትም?»

የውብዳር የሽርጧን ጫፍ ጨበጠች። «ሙቀቱ አይጣል ነበር። በዚህ ሙቀት ትኩስ ነገር ምን ያደርግልሃል፣ ይኼ ቀዝቃዛ ነው፣ ቢራ ቢሆንም ቡና አለበት፣ ያነቃሃል አልኩት። ያን ሰሞን የገባ አዲስ ነገር ነበር። ሁለት ጠጣ።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እሱ ቢራ አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች።

ይህን ቃል ሃምሳ ቀን ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች። ሲወጣ ቀለል ይለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም።

ፀዳል አልጮኸችም። ጣሳውን ቀስ ብላ አስቀመጠችውና «ያነቃሃል አሉት?» ስትል ጠየቀች።

«ብዬዋለሁ።»

«እንግዲያው ነቅቶ ነበር ማለት ነው።»

የውብዳር አልገባትም።

«ተኝቶ ነበር ብለውኝ ነው እኮ እስከ ዛሬ የቆምኩት» አለች ፀዳል። «ከዲኪል ከተማ ወዲያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኩርባው ጋ ሲደርስ መሪውን ሳያዞር ቀጥ ብሎ ገደል ገባ አሉ። አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት እንኳ የለም። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ እንቅልፍ ላይ ነበር፣ አልተሰማውም እያለ ነው ያጽናናኝ። ቡናው አንቅቶት ከነበረ ግን...» ጣሳውን ከፊቷ ገፋችው። «ገደሉን አይቶታል። ልጆቹን ጠርቷል።»

የውብዳር ግን ሌላ የምታውቀው ነገር ነበር።

መርዶው በደረሳት ሰሞን አንዱን ጣሳ በፌስታል ጠቅልላ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ወደምትሠራው ወደ ሀኪማ ወስዳው ነበር። ሀኪማ ጽሑፉን አነበበችው፣ ከስልኳም ላይ ፈላልጋ አየች። «ማዳም የውብዳር፣ ቡናው ለጣዕም ያህል ነው» አለቻት። «የሁለቱ ጣሳ ካፌይን ቢደመር እርስዎ የሚያፈሉትን ቡና ግማሽ ሲኒ አያህልም። ቢበዛ እንኳ አልኮሉን አያጠፋውም፤ ሰውየው ደህና የሆነ ይመስለዋል እንጂ። ሁለት ሌሊት ላልተኛ ሰው ደግሞ ቢራ ማለት እንቅልፍ ነው።»

ያን ቀን የውብዳር ቤቷን ዘግታ ዋለች። ይህን ለማንም አልነገረችም። ላነቃው ብዬ ነው ማለት ቢያንስ የምትሸሸግበት ነገር ነበር። አሁን ለሴትዮዋ ከነገረቻት ያ መሸሸጊያም የለም። ካልነገረቻት ደግሞ ይህቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ባሏ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሲጮህ ስትሰማ ትኖራለች።

ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች።

«ስሚኝ ልጄ። አላነቃውም። ሊያነቃው አይችልም። ቡናው ለስሙ ነው፤ ግማሽ ሲኒ እንኳ አይሞላም። አውቃለሁ፣ ፋርማሲ ወስጄ አስነብቤዋለሁ። ያጠጣሁት ቢራ ነው። በዚያ ድካሙ ላይ ቢራ። ተኝቶ ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ። ያስተኛሁት እኔ ነኝ።»

የውብዳር ዓይኗን አልሰበረችም። ልትመታት ትችላለች፣ ልትረግማት ትችላለች፤ ሁለቱንም ጠበቀች። ውጭ የዕለቱን ጫት ያመጡ መኪኖች ክላክስ እያስጮኹ በመንገዱ አለፉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወደዚያ ሮጠ። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«አላየውም» አለች ፀዳል ለራሷ። እንደገናም «አላየውማ» አለች፤ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ቀና ብላ «ይቅር ልበልዎት ብል አፌ እሺ አይለኝም እትዬ። ዛሬ አልችልም» አለች።

«አትበይ። አልጠየቅኩሽም።»

«ውሃ ብቻ ይስጡኝ።»

የውብዳር ወደ ጓዳ ገባች። ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አጠበችው፤ ለብ ያለውን የመጀመሪያውን ውሃ አፈሰሰችው፣ ቀዝቃዛ ሞላችበት።

ስትመለስ ፀዳል ክንዷን ተንተርሳ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። የምታለቅስ መስሏት ጠጋ አለች። እያለቀሰች አይደለም፤ እንቅልፍ ወስዷታል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ተንሸራትቷል፣ ትንፋሿ እንደ ሕፃን ረጅምና ለስላሳ ነው።

ታምሩ በሩ ላይ ብቅ አለ። የውብዳር ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ መለሰችው። ብርጭቆው ጠረጴዛውን ሲነካ ድምፅ እንዳያሰማ ፈርታ እዚያው ቆመች፤ የብርጭቆው ላብ በእጇ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ቀዝቃዛው ውሃ እስኪሞቅ ድረስ።