የባስልዮስ ውጤት

ነርሷ አድቫ ኮምፒውተሩን አየች፤ ባስልዮስን አየች፤ ደግማ ኮምፒውተሩን አየች። ናዝራዊት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለቱንም ትከታተላለች። ብቻህን አትሄድም ብላ ነው ከኢትዮጵያ ጎዳና እስከ ክሊኒኩ ከባሏ ጋር የመጣችው።

«አሁንም አለ» አለች አድቫ። እዚሁ ኢየሩሳሌም የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ከእናቷ ማድ ቤት ብዙም አልራቀም። «ዘር አለ። ሎ ናቂ። ገና አልጠራም።»

የናዝራዊት ደም ፈላ። ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ልቧ ደክሞ ለጥቂት ነው የተረፈችው፤ ሐኪሙም ዳግመኛ ካረገዝሽ ትሞቻለሽ ብሏታል። ባስልዮስ ሁለት ቀን አሰበና ሄዶ የዘር ቱቦውን አስቋጠረ። ያን ቀን እንዴት ወደደችው! ፍቅሯ ግን ሳምንት አልቆየም። ጎረቤቷ ወለተማርያም «የተቋጠረ ወንድ የትም ቢሄድ ዱካ የለው» ብላ ሹክ ካለቻት ወዲህ እንቅልፍ አጣች። እሱም ይባስ ብሎ ፍራሹን ሳሎን ዘረጋ። ከሆቴሉ ሥራ አምሽቶ መግባት አበዛ። ስትጠይቀው «ትርፍ ሰዓት» ይላል፤ ይህ ትርፍ ሰዓት ግን ሽቶ የምትቀባ ሴት ይመስላት ጀመር።

«ስንት ጊዜ?» አለች አድቫ።

«ምኑ?»

«ከኦፕሬሽን በኋላ። ሦስት ወር ብቻ አይበቃም። ውስጥ የቀረው እንዲወጣ ሃያ ፓዓሚም… ሃያ ጊዜ ያስፈልጋል።» ፊቷ ቀላ። «ከሚስትህ ጋር ወይ ብቻህን፣ ግድ የለም። ስንት?»

ናዝራዊት ወደ ባሏ ዞረች። አሁን ሲዋሽ እይዘዋለሁ አለች በልቧ።

ባስልዮስ ኮፍያውን በጣቶቹ ያሽከረክራል። «ኦፕሬሽን ባደረግሁ በሳምንቱ ዐቢይ ጾም ገባ» አለ። «ጾሙ ሲፈታ ደግሞ እሷ የምርመራውን ወረቀት ሳላይ እንዳትጠጋኝ አለች። እንዳልፈተን ብዬ ሳሎን ተኛሁ።»

«ኦኬ። አምስት? ዐሥር?»

«አንድ» አለ ድምፁ ጠፍቶ። «ያችም ለምርመራው ብልቃጥ የሰጠኋት ናት። ለዚያችም የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ ነው።»

አድቫ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ያዘች። ናዝራዊት ግን አልሳቀችም። ሌላ ሴት ብትኖረው ኖሮ በሦስት ወር ውስጥ ሃያ መች ያንሰው ነበር? ስንቴ ሸሚዙን አሽትታለች፣ ስንቴ ኪሱን ፈትሻለች! ኀፍረት ከጆሮዋ እስከ አንገቷ ለበለባት።

«ከሁለት ወር በኋላ እንደገና እናያለን» አለች አድቫ። «እስከዚያ መከላከያ ተጠቀሙ። ግን ሃያውን ደግሞ… ገባችሁ።» የታተመውን ውጤት ጨምድዳ ወደ ቅርጫቱ እጇን ሰደደች። «ይሄ አይጠቅምም፤ ጥሩ አይደለም።»

ናዝራዊት ብድግ ብላ እጇን ያዘቻት።

«ለእኔ ስጪኝ፣ ልጄ።»

ተመልሳ ተቀመጠችና ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የተጨማደደውን በመዳፏ ቀስ እያለች ታቃናው ጀመር።