ስድሳኛው ቅጽ

«ሁለት በል» አሉ መምህሩ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ሐኪሙ ቁጥሯን ከበባትና ቅጹን አየት አደረገ። የወገብ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው ይላል። ኦፕራሲዮን በሆኑ በሦስተኛው ወር ሁለት ብለውታል፤ በስድስተኛው ወር ሁለት፣ በዓመቱም ሁለት። ዛሬ ሁለት ዓመት ሞላቸው፣ አሁንም ሁለት። የሰው ወገብ እንዲህ ቃሉን የሚጠብቅ ቢሆንማ ሐኪም ሁሉ ሥራ ፈት ነበር።

ጥናቱ ስድሳ ሰው ነው። የስድሳውንም አከርካሪ በብሎን ያሰረው እሱ፣ ከዚያ በኋላም ተሻላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀው እሱ። የቁጥሩን ሥራ የምትሠራለት ባለሙያ ገና ሲጀመር «ኦፕራሲዮን ያደረጋቸው ሰው ባይጠይቃቸው ይሻላል» ብላው ነበር። ሳቀባት። ለእኔ ያልነገሩኝን ለማን ሊነግሩ ነው አላት። ሃምሳ ዘጠኙ ቅጽ ተሞልቶ አለቀ፤ መምህሩ ብቻ ከቀጠሯቸው ቀሩ። ሐኪሙ የመጨረሻዋን ቅጽ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ቤታቸው ድረስ መጣ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ሒሳብ አስተምረውታል። ስሙን ትተው «ችኩሉ» ይሉት ነበር፤ ፈተና ከክፍሉ ቀድሞ የሚያስረክበው እሱ ነበርና። ወረቀቱን እየተቀበሉ «አይተኸዋል?» ይሉታል። «አይቼዋለሁ ቲቸር» ይላል። መቼ አይቶት።

«ሳያርፉ ምን ያህል ይራመዳሉ?»

«እንዳሻኝ።»

መምህሩ ይህን ያሉት ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነው። ቁጭ ይበሉ ሲላቸው ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት ብለውት ነበር፤ እሱም አምኗቸዋል። አሁን ግን ዓይኑ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ማየት ጀመረ። መስኮቱ ሥር ያለው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ በጣሳ የተተከለ አበባ ተቀምጧል። ፍሪጁ አናት ላይ ጋዜጣ ተዘርግቶ፣ መነጽር ተደርጎበት፣ አጠገቡ የተገመሰ ዳቦና ሻይ አለ። በሩ ጋ ያሉት ጫማዎች ተረከዛቸው ተረግጦ ጠፍጥፏል። ጎንበስ ብሎ ማጥለቅ የማይችል ሰው ጫማ ነው።

ባለቤታቸው እጃቸውን እያደራረቁ ከጓዳ ብቅ አሉ። «እንዳሻኝ ነው ያልከው?» አሉ ባላቸውን። «ንገረው እንጂ። አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።»

መምህሩ በዓይናቸው ሊያስቆሟቸው ሞከሩ፤ ማን ሊሰማቸው። ሴትዮዋ አንድ በአንድ ዘረገፉት። ካልሲ የሚያጠልቁላቸው እሳቸው ናቸው። መምህሩ የሰፈሩን ልጆች ማስጠናት ካቆሙ ዓመት አልፏል፣ መቀመጥ አይችሉማ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት እኮ ቢያማቸውም ማዕድ ቀርበው ይበሉ ነበር። የሐኪም ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ ከማለዳው ሁለት ማስታገሻ ውጠው፣ ተላጭተው፣ ሸሚዝ አስተኩሰው ይሄዱና ደህና ነኝ ብለው ይመለሳሉ። ያን ቀን ማታ ማንንም አያናግሩም።

ሐኪሙ ወደ መምህሩ ዞረ። «ቲቸር፣ ለምን አልነገሩኝም?»

 «ኦፕራሲዮን በሆንኩ ማግስት፣ ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ በሩን ከፍተህ፣ እንዴት ነው አልከኝ» አሉ መምህሩ። «ፊትህን አየሁት። የፈተና ወረቀት ስመልስ የማየው ፊት ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። በሕይወቴ ለማንም ያልሠራውን ማርክ ሰጥቼ አላውቅም፤ ላንተ ሰጠሁ።»

 ሃምሳ ዘጠኙ ሰው ባንድ ጊዜ ሐኪሙ ፊት ተደረደሩ። በሁለት እጇ እጁን ይዛ የምትመርቀው ልብስ ሰፊ አለች። ገና ከበሩ «ምንም አይለኝ» እያለ የሚገባ መካኒክ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው ማርክ የሰጠው? ሰኞ ደግሞ አንድ ሾፌር ኦፕራሲዮን ሊሆን ተመዝግቧል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የወገብ ማጠንከሪያ ስፖርቱን ልሞክር ብሎ ቢለምነው፣ እነዚህኑ ቁጥሮች አሳይቶ ነው ያሳመነው። መምህሩም ኦፕራሲዮን ሳይሆኑ በፊት ያሉት ይህንኑ ነበር። ስፖርቱ ቀስ በቀስ እያሻላቸው ስለነበር ሦስት ወር ስጠኝ አሉት። ጊዜ ማባከን ነው ቲቸር አላቸው። ምነው ያን ቀን ምላሱ ተሳስሮ በቀረ።

«እውነቱ ስንት ነው?» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

«ሰባት። ስምንት የሚሆንበትም ቀን አለ። የመጨረሻው ጥያቄ ምን ይላል?»

አነበበላቸው። ጊዜው ወደ ኋላ ቢመለስ ይህንኑ ሕክምና ይመርጡ ነበር ወይ ይላል።

«እሱን አንተው መልሰው» አሉ መምህሩ። «ቢመለስ ኦፕራሲዮን ታደርገኝ ነበር?»

ባለቤታቸው ጓዳው በር ላይ ቆመው ቀሩ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈተና ዘጋው።

«አላደርግዎትም ነበር» አለ። «ስፖርቱን እንዲጨርሱ እተውዎት ነበር።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

ሁለትን ሰርዞ ሰባት አደረገው። እንዳሻኝ የሚለውንም ሰረዘ። ከታች «አልመርጥም» የሚለውን ከበበ። ቅጹን ቦርሳው ውስጥ ሊከት ሲል መምህሩ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣ እስቲ። አይተኸዋል?»

«አላየሁትም ቲቸር» አለ።

ወረቀቱን ወስደው ፍሪጁ ላይ ዘረጉት። መነጽራቸውን አጠለቁ። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች እንደቆሙ አነበቡት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ከመጨረሻው መልስ ጎን ትንሽ ራይት አደረጉ።