ዐፊፋ የላከችው የባሚያ ወጥ

"መርዝ ነው! መርዝ አብልተዋታል!"

አሳምነው ድመቷን በነጠላ ጠቅልሎ ታቅፏል... ድዷ ነጭ ሆኗል... ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

አሶሳ ነው። ክልሉ አዲስ የተቋቋመ ሰሞን። በሰፋሪዎቹ መንደር "ተወላጆቹ ሊያስወጡን ነው" የሚል ወሬ ስለተናፈሰ ሰው በሩን በጊዜ ይዘጋል።

ሚስቱ ሸዋሉል በሳል ታማ ተኝታለች። የበርታ ተወላጅ የሆነችው ጎረቤታቸው ዐፊፋ፣ ጾም መሆኑን ስለምታውቅ፣ ሥጋ ያልነካው የባሚያ ወጥ ከገንፎ ጋር በየቀኑ ትልካለች።

አሳምነው ግን ፈራ...

"ዛሬ ማን ይታመናል?" እያለ ወጡን ጓሮ ወስዶ ለድመቷ ይገለብጥላታል። ሳህኑን አጥቦ "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ይመልሳል።

በሳምንቱ ድመቷ ወደቀች።

ጩኸቱን የሰማው ሞላ፣ እንደሱ ሰፋሪ የሆነው፣ መጣ።

"አንድ ማረጋገጫ ብቻ አምጣ። የቀረውን ለእኛ ተወው።"

"ለእኛ ተወው" የሚለው ቃል አሳምነውን አስደነገጠው። የዐፊፋ ቤት የሣር ክዳን ነው... አንድ ክብሪት ይበቃዋል።

ድመቷን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ ረጋሳ ሮጠ።

"ምን በላች?"

"የጎረቤት ወጥ።"

"ሽንኩርት አለው?"

"ኧረ ነጭ ሽንኩርቱ ከደጅ ይሸታል!"

"ጋሽ አሳምነው፣ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ለድመት አይሆንም። ቢበስልም ደሟን ይጎዳዋል። ሰውን ግን ምንም አያደርግም።"

"ሆን ብላ ቢሆንስ?"

"ለድመቷ የሰጧት እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

አላመነም። ቤቱ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሏል... ዐፊፋ ውስጥ ተቀምጣለች... ሸዋሉል እየበላች ነው!

"ተይ! አትብዪው!"

"ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? አንተ እርሻ ስትውል እኔና እሷ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። የምትልክልህ ያንተን ድርሻ ነው!"

"ነጭ ሽንኩርት ብዙ አደረግኩ፣ ለሳል ጥሩ ነው" አለች ዐፊፋ። ዓይኗ ነጠላው ላይ አረፈ። "ድመት ምን ሆነ?"

ከደጅ የሞላ ድምፅ መጣ።

"አሳምነው! እህስ? መርዝ ነው አይደል?"

ከሞላ ኋላ ዱላ የያዙ ሰዎች ቆመዋል።

"መርዝ" ብሎ የጮኸው አሳምነው ራሱ ነው።

ድመቷን አስቀምጦ፣ ሳህኑን አንስቶ ደጃፉ ላይ ወጣ። ሁሉም እያዩት ጎረሰ። ደግሞ ጎረሰ።

"ድመቷን የጎዳኋት እኔ ነኝ። ወደየቤታችሁ ግቡ።"

ድመቷ አልተረፈችም።

የዐፊፋ ቤት ግን ቆሞ አደረ...

ወገኖቼ፣ ሽንኩርት የገባበትን ወጥ ለድመት አትስጡ። ያላጣራችሁትን ቃል ደግሞ በፈራ ሰው መሃል አትጣሉ፤ ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም።

እናንተ በአሳምነው ቦታ ብትሆኑ... ያ ሁሉ ሰው እያያችሁ ትጎርሱ ነበር? እስኪ እውነቱን ጻፉልኝ።